የእንጆሪው ቧንቧ

አበባውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀነጠሰና ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተው። ጎኑ ያለውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ገና እምቡጥ ነበር፤ እጁ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ እሱንም አወረደው። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ከላይ እስከ ታች አየ። ከበረንዳው ወለል እስከ ራሱ ቁመት የቆመ ወፍራም ግራጫ የፍሳሽ ቧንቧ፣ ዙሪያውን ኪስ ኪስ የወጣለት፣ ከየኪሱ የእንጆሪ ቅጠል የተንዠረገገበት። ቅጠል በሽበሽ ነው። ነጭ ነገር አይታይም። ማጠጫውን አንስቶ በአናቱ ብቅ ባለው ቀጭን ቧንቧ አፍ ውሃ መሙላት ጀመረ።

በሩ ሲንኳኳ ውሃው ገና ወደ ታች እየወረደ ነበር።

ኳኳታውን ያውቀዋል። በመዳፍ ጎን፣ ሁለት ጊዜ፣ ቆም፣ እንደገና ሁለት ጊዜ። ከሕንፃው ነዋሪ የእሱን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም የምትመጣው ለክስ ነው።

"ጋሼ ቧንቧ፣ እኔ ጋ ዘንቧል" አለች ልብስ ሰፊዋ። አንገቷ ላይ ሜትር፣ ደረቷ ላይ ስፒል፣ ክንዷ ላይ ነጭ ቀሚስ። ከሥሩ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ እዚያው ትሰፋለች፣ ተኩሳ የጨረሰችውን በረንዳዋ ላይ ትሰቅላለች። "ሰማዩ ጥርት ብሏል። የሚዘንበው እኔ ቤት ብቻ ነው። ይቺን ይዩልኝ።"

ቀሚሱ ጫፍ ላይ ቡናማ ጠብታ አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው።

"አፈር ነው። ይለቃል።"

"መልቀቁን አውቃለሁ፤ የማጥበው እኔ አይደለሁ? ዕድሜዎን ሙሉ የሰው ቤት ፍሳሽ ሲደፍኑ ኖረው የራስዎ እኔ ላይ ይንጠባጠባል። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ያፈሳል ሲሉ የቀልድ ይመስለኝ ነበር።"

"ማፍሰስ አይደለም። ትርፉ ነው። ትርፉ ካልወጣ ሥሩ ይበሰብሳል።"

"እና በእኔ በረንዳ ይውጣ ተብሎ ተወሰነ?"

"ሥሩ ሰፋ ያለ ሳህን አደርግለታለሁ።"

"ባለፈውም ሳህን ብለዋል።"

እውነቷን ነው፣ ብሏል። ሳህኑም ተገዝቶ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ለምን እንዳላወጣው ራሱን ቢጠይቅ መልሱ ሩቅ አልነበረም፤ ስለዚህ አልጠየቀም።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ በትከሻው ላይ ወደ በረንዳው አየች። "ለመሆኑ ይሄ ነገር ያፈራል? እኔ የማየው ቅጠል ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብዎት እኮ።"

"ጊዜውን ይጠብቃል።"

"እኛም እየጠበቅን ነው" አለችና ልትሄድ ዞር ስትል ዐይኗ ዝቅ አለ። ልማድ ነው፤ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ስፌቱን ነው። "ዚፕዎ ተበላሽቷል። ይላኩልኝ፣ እቀይረዋለሁ።" ደረጃው ላይ ቆም አለች። "ማለቴ ይዘውት ይምጡ። ማንን ይልካሉ።"

ሚስቱ የሄደችው ለሦስት ወር ነበር።

ልጃቸው መንታ ወለደች። የልጅቱ ባል የረዥም መንገድ ሾፌር ነው፤ ቤት የሚያድረው ከስንት አንዴ ነው። ልጅቱ የምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ሚስቱ ሁለት ሻንጣ አዘጋጀች፤ ትልቁን እሱ ተሸከመላት። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማ ስለ ጋዝ ምድጃው አስጠነቀቀችው፣ ስለማይዘጋው መስኮት ነገረችው፣ በመጨረሻም "እንጆሪዎቼን አደራ" አለችው። በሩ ተዘጋ።

እንጆሪዎቹ ያኔ ሳፋ ውስጥ ነበሩ። ከሥራ ስትሰናበት አብራት የምትሠራ ሴት የሰጠቻት ችግኞች ናቸው። ሚስቱ ከሰው ስጦታ ስትቀበል እንደ ብድር ነው የምታየው፤ ችግኞቹንም በዚያ ዐይን ነበር የምትንከባከባቸው።

ሦስት ወሩ ስድስት ሆነ፤ መንታዎቹ ጥርስ አወጡ። ስድስቱ ዓመት ሆነ፤ መንታዎቹ ቆመው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወር የሚቆጥር ጠፋ። የተጣላ ሰው የለም። "ቀርቻለሁ" ያለም የለም። ቀሚሶቿ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ አልጋው ላይ ግድግዳው በኩል ያለው ትራስ የእሷ እንደሆነ ነው። የጥጉ ሱቅ ባለቤት መጀመሪያ አካባቢ "እትዬ መቼ ይመጣሉ?" ይል ነበር። ኋላ መጠየቁን ተወ። ዳቦ ሲሸጥለትም ሳይጠይቅ አንድ ብቻ መጠቅለል ጀመረ።

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ትደውላለች።

"አለህ?"

"አለሁ።"

"በላህ?"

"በልቻለሁ።"

"እንጆሪዎቹስ?"

አፉ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ሳፋው እንደጠበባቸው ነገራት። ከሥራ የተረፈ ቧንቧ እንዳለው ነገራት፤ አዲስ፣ ቆሻሻ ያላለፈበት። ጎኑን በመጋዝ እየሰነጠቀ፣ ስንጥቁን በሙቅ አየር እያለሰለሰ፣ የጠርሙስ አንገት እየከተተ ከንፈር አወጣለት። መሐሉ ላይ ውሃ የሚያወርድ ቀጭን ቧንቧ አቆመ፤ ቀጭኑን ዙሪያውን እኩል እኩል በሳው። ስህተቱ እኩል መብሳቱ ነበር። ውሃ ቁልቁል ይቸኩላል። የላይኞቹ ችግኞች በጥም ጠወለጉ፣ የታችኞቹ ሰጠሙ። ለስንት ፎቅ ውሃ ሲያዳርስ የኖረ ሰው በገዛ ቁመቱ ልክ ባለ ቧንቧ ተሸነፈ። አወረደው፣ አፈሩን ገለበጠ፣ አዲስ ቀጭን ቧንቧ አምጥቶ ከላይ ቀዳዳውን አበዛ፣ ወደ ታች አሳሳ። ያኔ ሆነ። ይህን ሁሉ በስልክ አንድ በአንድ አስረዳት። ስለ ቀዳዳዎቹ የእሁዱን ጊዜ በሙሉ አወራ። ስለ ሌላ ነገር አላወራም።

"በል ጥሩ ነው" አለች። "ሲያፈራ እመጣለሁ። በእጄ ቀጥፌ ነው የምበላው።"

የመጀመሪያውን ዓመት አበባ መቀንጠስ ሥራው የሚጠይቀው ነው። ዘርና ችግኝ የሚሸጠው ሰው አስጠንቅቆታል፤ "ገና በሥር ያልቆመ ነገር ልጅ አታሸክመው" ነበር ያለው። ቀነጠሰ። ለሚስቱም ነገራት፤ ገባት።

በሁለተኛው ዓመት አበቦቹ በፈኩበት ሳምንት ስልኩን ያነሳችው ልጁ ነበረች።

"አባዬ፣ እማዬ ገበያ ወጥታለች። ክፍሏን ቀለም ቀባንላት እኮ። ሰማያዊ መረጠች። መጋረጃም ሰቀልንላት፣ ብታያት ታምራለች።"

"ክፍሏን?"

"የኋለኛዋን። ዕቃ የሚቀመጥባትን። አሁን የእማዬ ክፍል ናት።"

"ጥሩ ነው" አለ። ሌላም ነገር አወሩ፤ ምን እንደሆነ ግን ስልኩን ሲያስቀምጥ ጠፍቶበት ነበር። በረንዳ ወጣ። አበቦቹ በየኪሱ አፍ ነጭ ነጭ ብለው ተደርድረዋል። "ሥሩ ገና ነው" አለ ድምፁን አውጥቶ። ሰሚ አልነበረም። ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ቀነጠሰ።

ነገሩ ቀላል ነው። እንጆሪው እስካላፈራ ድረስ የመቅረቷ ምክንያት እንጆሪው ነው። ካፈራ በኋላ ግን ምክንያቱ ሌላ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያስባል፤ ከዚህ ወዲያ ማጠጫውን አንስቶ ውሃ ሊቀዳ ይሄዳል።

አሁን ሦስተኛው ዓመት ነው።

ሱሪውን በፌስታል አድርጎ ወረደ። በነጋታው ሊወስድ ሲሄድ የልብስ ሰፊዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

"ይግቡ ጋሼ፣ በሩ ክፍት ነው። ጨርቁን ብቻ እንዳይረግጡብኝ።"

ልብስ ሰፊ ኪስ ሳይገለብጥ ሥራ አይጀምርም። መርፌ የሚሰብር ነገር ይኖራል። ይቺ ሴት በሙያዋ ዘመን ከኪስ ያላወጣችው የለም፤ ቁልፍ፣ ምስማር፣ የተነከሰ ብስኩት፣ አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ሁሉንም ባለቤቱ እስኪመጣ መስኮቷ ላይ በትንንሽ ሳህን ታስቀምጣለች።

የእሱ ሳህን ላይ አንድ የላስቲክ ቀለበት፣ በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠም የቴፍሎን ጥብጣብ ቁራጭና አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ ነበር። ከላይ ያሉት ገና ነጭ ናቸው። ከሥር ያሉት እንደ ሻይ ቅጠል ጠቁረዋል።

"ዚፑ ተቀይሯል" አለች። "ይሄን ደግሞ ይረከቡኝ።"

ቀለበቱን አነሳ። ቴፍሎኑን አነሳ።

"የቀረውስ? የእርስዎ አይደለም?"

"ጣይው።"

"ሁለቱም ኪስ ሙሉ ነበር።" መኪናዋን ሳታቆም ነው የምታወራው። "እኔ ስለ እንጆሪ አላውቅም። ስለ ኪስ ግን አውቃለሁ። የማይፈልገውን ነገር ሰው መሬት ላይ ነው የሚጥለው።"

"አበባው ይቀነጠሳል። ሥሩ እንዲጠነክር ነው። ችግኝ የሚሸጠው ሰው ነው የነገረኝ።"

"እስከ መቼ ይቀንጥሱ አለዎት?"

"የመጀመሪያውን ዓመት።"

"አሁን ስንተኛው ነው?"

መስኮቱን አየ። በረንዳዋ ላይ የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ተገፍተዋል፤ የእሱ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ባዶ ነው። ቦታ ለቅቃለት ነበር።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ሲያፈራ እመጣለሁ ብላለች" አለ። ለማን እንደተናገረው ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

መኪናው ቆመ። "እትዬ?"

"እሷ።"

"ታዲያ እኮ ለምን..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የሱሪውን እግር ከእግር ጋር አጋጥማ፣ በመዳፏ እያለሰለሰች አጠፈችው። "ቢያፈራና ባይመጡስ ብለው ነው።"

ሱሪውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

"ያኔ ያውቁታል" አለች። "አሁን የሚያውቁት ምንድን ነው?"

አበቦቹን በወረቀት ጠቅልላ የታጠፈው ሱሪ ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችለት። "የደንበኛ ንብረት አልጥልም። ሳህኑንም አይርሱ ጋሼ። የእኔን ሳህን አላልኩም፣ የእርስዎን።"

ከዚያ በኋላ የወጡትን አበቦች አልነካቸውም።

አለመንካት ከመቀንጠስ ይከብድ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቧንቧውን ይዞረዋል፣ እንደ አለቃ። ንብ እስከዚያ ፎቅ አይወጣም። ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ከሚስቱ መሳቢያ የተወችውን የፊት ዱቄት ብሩሽ አወጣ። አራግፎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከአበባ አበባ እያመላለሰ ብናኙን አዳረሰ። መጀመሪያ ላይ እጁ ይከብድ ነበር፤ መፍቻ የለመደ እጅ ነው። ጥቂት አበባ ሰበረ። ኋላ ለመደው።

"አብቧል" አለ እሁድ።

በስልኩ ውስጥ አንዱ ሕፃን ይጮሃል፣ ሌላው ይስቃል። "ብዙ ነው?" አለች።

"ብዙ ነው።"

"እሰይ" አለች። መቼ እንደምትመጣ አላነሳችም። እሱም አልጠየቀ።

አበባው ረገፈ፣ አረንጓዴ ፍሬ ቋጠረ። ወፍ ማንዣበብ ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ስስ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ ይዛ መጣች። ቧንቧውን ከአናቱ እስከ ወገቡ አለበሱት። ራቅ ብላ አየችው።

"ዳሩት እንግዲህ" አለች። "ሚዜ ከፈለጉ ታች ነኝ።"

ሳቀ። ሳቁ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ዛገ ቧንቧ ተንኳኳ፤ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ ነገር ነው።

አንድ እሁድ፣ የመጀመሪያዎቹ ከቀሉ በኋላ፣ ሚስቱ "አለህ?" ስትል "አለሁ" አላለም።

"ደርሷል" አለ። "ትመጫለሽ?"

ይህን ጥያቄ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ጠይቋት አያውቅም። የሕፃናቱ ድምፅ የዚያን ቀን አይሰማም ነበር፤ ወይም ስልኩን ይዛ ወደ ሰማያዊው ክፍል ገብታ ይሆናል።

"ሐሙስ እነሳለሁ" አለች።

ሐሙስ ቤቱን ጠረገ። የማይዘጋውን መስኮት ሠራ። ሱቅ ሄዶ ሁለት ዳቦ አለ፤ ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አየውና ጠቀለለለት። አውቶቡስ ማቆሚያው የደረሰው ገና ምንም አውቶቡስ ሳይታይ ነው። አንዱ መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ አልነበረችም። ሌላው መጣ። ከኋላ በር ወረደች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ዐይኗ ፈልጎ አገኘውና ፈገግ አለች።

ትልቅ ሻንጣ ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። ያቀበለችው የእጅ ቦርሳ ነው፤ አንድ ቅያሪ ልብስ የሚይዝ። ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ሊጠይቃት ያሰበውን አንዱን ነገር መጠየቅ አላስፈለገውም።

ቤት እንደገቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ በረንዳው አለፈች። ጨርቁን ገለጠች። ቀጥፋ ጎረሰች። እሱ ደፍ ላይ ቆሞ አፏን ያያል፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

"ኮምጠጥ ይላል" አለች። "ግን እንጆሪ ነው።"

"ቧንቧ ቧንቧ ይላል እንዳትይኝ ፈርቼ ነበር።"

"እሱንም ይላል።" ሳቀች። ሳቋ አልተለወጠም። ሌላ ቀጠፈች፣ ለእሱም ሰጠችው። ቆመው በሉ። እሷ የላይኞቹን ኪሶች በጣቷ እየዳበሰች "እነዚህ ናቸው ቀዳዳቸው የበዛው" አለች፤ አላሳያትም ነበር።

አርብን እንደ እንግዳ አሳለፈች። ዕቃ ስታነሳ የነበረበትን ፈልጋ ነው፤ ስታስቀምጥ ደግሞ "እዚህ ነበር?" ብላ ትጠይቃለች። ልብስ ሰፊዋ ልትስማት ወጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ስለ ጨርቅ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ መንታ ልጅ አወሩ። አንዳቸውም ስለ እሱ አላወሩም። ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ በበሩ በኩል አይታው ቅንድቧን ከፍ አደረገች። እሱ ወለሉን አየ።

ቅዳሜ ሚስቱ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ወፍራሙን ካፖርት አወጣች፣ አራገፈች፣ አልጋው ላይ ዘረጋች። "ለክረምቱ ያስፈልገኛል" አለች።

"ሦስት ወር ብለሽ ነበር" አለ።

"ብዬ ነበር።" የካፖርቱን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈች። "ስድስተኛው ወር ላይ ጠበቅሁ። ነይ ይለኛል ብዬ። ወይም መጣሁ ይለኛል ብዬ። እሁድ ደወልኩ። አንተ ስለ ቀዳዳ ነገርከኝ። ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት። ሁሉንም ይዤዋለሁ፣ ዛሬ ሥሪው ብትለኝ እሠራዋለሁ።"

"አደራ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ትቼው ብመጣ ማን ያጠጣው ነበር?"

"ሳፋ ውስጥ የነበረ እንጆሪ ነው ሰውዬ። ይደርቅ ነበር።"

ይህ መልስ አልታሰበውም ነበር። ሊደርቅ ይችል እንደነበር፣ ቢደርቅም ምንም እንደማይሆን። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እሷ ካፖርቱን አጥፋ ጨረሰች፤ በእጇ ደጋግማ ደለደለችው፣ መደልደል ባያስፈልገውም።

"የልጅህ ወጥ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል" አለች። "ከዓመት በላይ ሆነው። ሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌለት ጠዋት ጠዋት እደፋለሁ። ሠራተኛ እንጥራ ባለች ቁጥር አባትሽ ይሠራዋል እላታለሁ።"

አሰበበት። "እጀታው አንድ ነው ሁለት?"

ካፖርቱን ትታ አየችው።

"ሁለት" አለች።

እሁድ ጠዋት በመቀስ ሐረጎቹን ቆረጠች። እንጆሪ ጎልማሳ ሲሆን ሐረግ ይሰዳል፤ ሐረጉ ጫፍ ላይ ልጅ ያበቅላል። ሥር ማብቀል የጀመሩትን መርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ደረደረች። "እዚያም በረንዳ አለ" አለች። ካርቶኑን እሱ ተሸከመው፣ ካፖርቱን እሷ። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ስትወጣ ስለ ጋዝ ምድጃው አላነሳችም።

"መንገዱን ታውቀዋለህ" አለች።

"አውቀዋለሁ።"

ሰኞ የመሣሪያ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር አወጣ። ሳህኑም አብሮ ወጣ። መፍቻዎቹን ዘይት ቀባ፣ ለሁለት እጀታ የሚሆኑ የላስቲክ ቀለበቶች በሦስት መጠን ገዛ፤ ትንሹ ባይሆን መካከለኛው፣ እሱ ባይሆን ትልቁ። ቦርሳውን በሩ ሥር አቆመው። ሳህኑን ቧንቧው ሥር አስገባ፣ ሰው ሲያጠጣለት እንዳይቸገር። ልብስ ሰፊዋን ጠርቶ ቁልፍ ሰጣት፣ አሳያት።

"ከላይ ቀስ ብለሽ ነው። ካጣደፍሽው ይፈሳል።"

"ገብቶኛል ጋሼ። ቧንቧ ነው፣ ሕፃን አይደለም።"

"ቅዳሜ እነሳለሁ።"

"ይነሱ እንጂ" አለች። "ምን ይጠብቃሉ?"

ቅዳሜ ሲደርስ አዲስ ሐረጎች ወጥተው ነበር። የእናት ተክሏ ዘመን እያለቀ ነው፤ እነዚህ ካልተተከሉ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀር የለም። በየኩባያው አፈር ሞላ፣ ሐረጉን በሽቦ ቆንጥጦ አፈሩ ላይ አስተኛ። ሥር እስኪይዙ ሊተዋቸው አልቻለም፤ ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ለሚስቱ በስልክ አስረዳት። "እሺ" አለች። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ሙቀቱ በረታ። ልብስ ሰፊዋን ደረጃ ላይ ሲያገኛት ቁልፉን አውጥታ አሳየችው።

"ይሄ እኔ ጋ ዝጎ ይቅር ነው?"

"ሥር እስኪይዙ ነው።"

"ሥር" አለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካክላ ወረደች።

ኩባያዎቹ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ያዙ። ውሃው ሳህኑ ላይ እየቀረ ታች መንጠባጠብ አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። የመሣሪያ ቦርሳው በሩ ሥር እንደቆመ ነበር፤ ሲገባና ሲወጣ በእግሩ ገፋ ያደርገዋል።

የልጁን ወጥ ቤት ቧንቧ በዚያው ወር መጨረሻ የሰፈሯ ቧንቧ ሠራተኛ ጠገነው።